ጉድጓዱ ሳይተነፍስ

ካሚል ቢስሚላህ ሳይል ጉድጓድ ወረደና ጅን ወሰደው ይባላል። ጨፋ ውስጥ በእኛ መንደር ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ አልተኛ ሲል ማስፈራሪያ፣ ጎረምሳ ሲቀብጥ መምከሪያ አድርገውታል። «እንደ ካሚል እንዳትሆን፣ ቢስሚላህ በል!» ይላሉ። እኔም ብያለሁ። ታናሽ ወንድሜን በዚህ ወሬ ስንቴ እንዳስለቀስኩት አላህ ይወቀው። አሁን ግን ወሬውን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ካሚልን የገደለው ጅን አይደለም። ስሙ እንዲህ ጎድፎ እንዲቀር ያደረገውን ሰው ደግሞ «አባዬ» እያልኩ ነው ያደግሁት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሙህዲን በቦርከና ወንዝ ዳር ሰፊ መሬት የነበረው፣ በግቢው ውስጥም ሦስት የማሽላ ጉድጓድ ያስቆፈረ ገበሬ ነው። ጉድጓድ ስል ውሃ የሚቀዳበት እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። የጉድጓዱ አፍ አንድ ሰው ብቻ ያሾልካል፤ ሆዱ ግን እንደ እንስራ የሰፋ ነው። ግድግዳው በእበት ይለሰናል፣ ገለባ ይነጠፍበታል፣ ከዚያ ማሽላው ይገለበጥና አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ሌባም አይጥም አያገኘውም።

የሚከፈትበት ቀን ወግ አለው። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳና ሰው ሁሉ ይርቃል። «ጉድጓዱ ይተንፍስ» ይባላል። ያን ቀን እንዳለ ሲተነፍስ ውሎ ያድራል፤ በማግስቱ የተለኮሰ ኩራዝ በገመድ ታስሮ ይወርዳል። መብራቱ ካልጠፋ ሰው ይገባል፣ ከጠፋ እንደገና ይተዋል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ትልልቆቹ «ባለቤቶቹ እቃቸውን ሸክፈው እንዲወጡ ነው» ይሉን ነበር። ባለቤቶቹ ጅኖቹ መሆናቸው ነው። እኔ ጅኖቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ይታየኝ ስለ ነበር መንገድ እንዳልዘጋባቸው ጥግ ጥጉን እሄድ ነበር።

ካሚል የአባቴ የእኩል አራሽ ነው፤ ቤቱም ከእኛ አጥር ማዶ ነበር። ከሲታ ስለሆነ የመንደሩን ጉድጓድ ሁሉ የሚገባው እሱ ነው። ታች ሆኖ ማሽላውን በስልቻ እየሞላ መንዙማ ያወርደዋል። ድምፁ ከመሬት ሥር ሲመጣ ለመስማት እኛ ልጆች በሆዳችን ተኝተን ጆሯችንን አፈሩ ላይ እንለጥፍ ነበር። ሚስቱ ዙቤይዳ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስለ ነበር በዚያ ሰሞን ዜማው ሁሉ ስለ ልጅ ሆኖ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ አልወጣ ብሎ ከረመ። በትልቁ ጉድጓድ አፍ ላይ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ዝናብ ሲገባበት እንደ ቆየ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ መኪና ግቢያችን ገብቶ ቆመ። ማግስቱ የሰንበቴ ገበያ ነው። አባቴ ድንጋዩን አስነሳ። ከውስጥ ሞቅ ያለ፣ የሚከረፋ፣ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ያለ ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታኝ። እናቴ እጇን በጉድጓዱ አፍ ላይ ዘርግታ ሰበሰበችው።

«ሙቀቱ አላማረኝም፤ ኧረ ይደር አንተ ሰው» አለችው።

«ቢያድር ይብሳል። ነጋዴው ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ መሰለሽ? ዛሬ ከላይ ከላይ ደህናውን ቀላቅለን እናስጭነው።»

«ወግ አለው እኮ።»

«ወጉን ለኔ ተይው። አንቺ ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ማሽላው ትኩሳት ይዞት ታሟል ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። በልጅነቴ ያን ቀን ከገባኝ ነገር ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይሄው ብቻ ነው።

አባቴ ኩራዝ ለኩሼ እንዳመጣ አዘዘኝ። አመጣሁለት። ካሚል ከሹፌሩ ጋር መኪናው ላይ ባዶ ማዳበሪያ ያራግፍ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶናል። አባቴ ኩራዙን በገመድ አስሮ ቀስ እያለ ለቀቀው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነበልባሉ መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ከክሩ ጫፍ ላቅ ብሎ የተንሳፈፈ መሰለኝ፣ ከዚያ ድርግም አለ። አንድ ቁመት እንኳ አልወረደም ነበር። አባቴ ገመዱን ያዝ አደረገ። ጎትቶ አወጣው፣ ወደ መኪናው አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ጋዝ የለውም! አልሞላሽም እንዴ፣ አንቺ ሰነፍ?»

ጠዋት ሙይ ተብዬ ነበር። መሙላት አለመሙላቴን ግን በዚያች ቅፅበት ማስታወስ አቃተኝ። ሲቆጡኝ ሁሉ ነገር ከጭንቅላቴ ብን ብሎ የሚጠፋ ልጅ ነበርኩ። ካሚል እጁን እያራገፈ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አለኝ እንደ ልማዱ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «ኩራዙ ወረደ?» ሲል ጠየቀው።

«ወርዷል።»

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ደፊ፣ ቶሎ በል፤ ሳይመሽ እንጫን» አለው አባቴ። ኩራዙን ጋቢው ሥር ይዞት ነበር።

ስንፍናዬን ስለ ሸፈነልኝ አባቴን ያን ጊዜ የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም። ካሚል ፊት እንዳላፍር የዋሸልኝ መሰለኝ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ኩራዙን በስውር አስያዘኝና «ሂጂ ሙይና ነይ፣ ሩጪ» አለኝ። ሮጥኩ። ጓዳ ገብቼ የጋዙን ጀሪካን አንስቼ ገና ዘንበል ከማድረጌ ኩራዙ ሞልቶ እጄ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። እጄ ስለ ተንቀጠቀጠ ነው አልኩ በልቤ። ኩራዙ መጀመሪያውኑ ሙሉ እንደ ነበር ለማሰብ ገና ብዙ ዓመት ይቀረኝ ነበር።

ስመለስ ካሚል የለም፤ ወርዷል። ገመዱ ረግቧል። እንደ ልማዴ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን አፈሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። መንዙማው የሚጀመረው ስልቻው ሲሞላ ነው ብዬ ጠበቅሁ። በዚህ መሃል አባቴ «ካሚል!» አለ፤ ደግሞ «ካሚል! ካሚል!» አለ። ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ ሊገባ ሲል አባቴ ወገቡን ይዞ ወደ ኋላ ጣለው። «እንዳትገባ! ትሞታለህ!» እያለ ጮኸ። ሹፌሩ በሕይወት የተረፈው በአባቴ ጥንካሬ ነው ብለው ኋላ ብዙ አመሰገኑት። እኔም ጅኖቹን የማይፈራ ጀግና ብዬው ነበር። እንዴት እንዳወቀ የጠየቀው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ይህን ሳስበው ዛሬም አንጀቴ ያርራል።

ካሚልን በረጅም ቆልማማ እንጨት ጎትተው አወጡት። ፊቱ ላይ ቁስል የለም። ጢሙ ላይ አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር ተነስንሶ ነበር። ዙቤይዳ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከአጠገቡ ተቀመጠችና «ተነሳ እንጂ፣ ሰው እያየህ ነው» አለችው። ሴቶቹ መጥተው እስኪያነሷት ድረስ ይህንኑ ደጋገመችው።

ከቀብር መልስ ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀመጡ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ፦ ካሚል ቸኩሎ ገባ፣ ቢስሚላህ ማለቱንም እንጃ። ሹፌሩ የሰው አገር ሰው ነው፤ ነገሩን ለፖሊስ አስመዝግቦ መንገዱን ቀጥሏል። እናቴም ሲወርድ አልነበረችም፤ ቀሪ እማኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ቆልማማ ጣቱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ «ዱጋ ዱበዱ፣ እውነቱን ተናገሪ ልጄ። ሲወርድ ቢስሚላህ ሲል ሰምተሻል?» አለኝ።

«አልሰማሁም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ጓዳ ነበርኩ። ለምን ጓዳ እንደ ሄድኩ ግን አልተጠየቅሁም፤ ስለ ኩራዙ እንዳይጠይቁኝም ፈርቼ ነበር። የኔ «አልሰማሁም» ከሽማግሌዎቹ አፍ ሲወጣ «አላለም» ሆኖ ወጣ። ማታ መንደሩ ሁሉ «አላለም» ብሎ ተኛ።

ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ አባቴ ከቤቱ ጀርባ ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። እንዲህ አስቀምጦኝ አያውቅም።

«ስለ ኩራዙ ለማንም አትንገሪ፣ እሺ? እኔም አልናገርብሽም።»

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። በኔ ስንፍና ኩራዙ ጠፋ፣ ጨለማ ሆነ፣ ጅኖቹ በጨለማ ካሚልን ያዙት፤ አባቴ ይህን ሁሉ እያወቀ ደበቀልኝ። የገባኝ ይሄ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ሰው መግደሌን አምኜ ተቀበልኩ። እሱም አየኝ፤ ማመኔን አይቶ እንባዬን በጋቢው ጠረገልኝ። አንድ ሰው የገዛ ልጁን እንዲህ ያደርጋል? ጠላቱን ቢያደርገው እንኳ ይበዛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሼህ ተጠርተው ጉድጓዱ ላይ ቁርአን ተቀራ፤ ሌላ ሰው ገባ፣ ምንም ሳይሆን ወጣ። ሰዉ «አልሐምዱሊላህ፣ ጅኖቹ ለቀቁ» አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ተከፍቶ ሲተነፍስ እንደ ሰነበተ ያየ ሁሉ የወጉን ምክንያት ረስቶት ነበር። ማሽላውም ሰንበቴ ወርዶ ተሸጠ።

ዙቤይዳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ነኢማ አለቻት። ያቺ ሴት ከዚያ ወዲህ ቢስሚላህ የማትልበት ነገር የለም። ደፍ ስትሻገር፣ ገመድ ስትይዝ፣ ራሷን ስትሸፍን ጮክ ብላ ትለዋለች። ነኢማ ገና አፏን ስትፈታ ሳትል የጎረሰች እንደሆነ ጉርሻውን ከአፏ ታስተፋት ነበር። ልጆች ስናይ እንስቅ ነበር። አባቴ በየመኸሩ ማሽላ ይልክላታል፤ መንደሩም «ደግ ሰው» ይለዋል። እሷም እጁን ትስመዋለች።

የግብርና ኮሌጅ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። መምህራችን የሻገተ እርጥብ ማሽላ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ አሳደረው። በማግስቱ ክዳኑን ከፍቶ የተለኮሰ ክብሪት አስገባ። እሳቱ አነሰ፣ ከእንጨቱ ላቅ አለ፣ ድርግም አለ። መምህሩ እየተዝናና ያስረዳ ነበር፦ ሻጋታ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን አያዘጋጅም፤ ከክር የቀጠነ አካሉን እህሉ ውስጥ ሰድዶ፣ እያሟሟ ይመጠዋል። እርጥበት ካገኘ ይራባል፤ ሲራባ ይሞቃል። እንደ እኛው ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑን ይጨርስና የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። እዚያ የገባ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። «አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ኩራዝ የሚያወርዱት ለዚህ ነው» አለ መምህሩ።

ተነስቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እጄን ሳሸት ጋዝ የሸተተኝ መሰለኝ። ኩራዙ ሙሉ ነበር! አባቴ ያውቅ ነበር! አውቆ «ደህና ነው» አለው!

ዛሬ የእህል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ገበሬ ሰብስቤ አስተምራለሁ። ሊጡን የሚያቦካው እርሾም የሻጋታ ዘመድ ነው፣ ብዙ በሽታ የሚያድነው ፔኒሲሊንም ከዚሁ ወገን የተገኘ ነው፣ የሻገተ ማሽላ ግን ጉበት ይበላል፣ ጉድጓዱም ሳይተነፍስ ሰው አይግባ እላለሁ። ብዙ ሰው ሰምቶኛል። የካሚልን ስም ግን በአንዱም ስብሰባ ላይ አልጠራሁም። እናቴ በሕይወት አለች አልኩ፣ አባቴ አርጅቷል አልኩ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አልኩ። ከዝምታ የሚብስ ሻጋታ እንደሌለ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ አባቴ ሐጅ ሊሄድ ተነሳ። አሁን የሚኖረው ከሚሴ ከተማ ነው። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ብቻውን አገኘሁትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እትዬ ዙቤይዳ ቤት ሂድ። ኩራዙ ጠፍቶ እንደ ነበር በአፍህ ንገራት።»

«ትረሺዋለሽ ብዬ ነበር። ልጅ አይደለሽ?» አለኝ።

«አልረሳሁም።»

«እንዲህ ይሆናል አላልኩም። ቶሎ ገብቶ ይወጣል ብዬ ነው። ወላሂ!»

«እሱን ለሷ ንገራት።»

«ስሸኝ ለሁሉም አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እላለሁ እኮ፤ እሷም ከሁሉም አንዷ ናት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው» አለና መቁጠሪያውን አነሳ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

በመሄጃው ቀን ከሚሴ ባለው ግቢው ዳስ ተጥሎ፣ ከጨፋ በመጣ ሰው ሞላ። ከዙሁር ሰላት በኋላ አባቴ ነጭ ለብሶ በዳሱ መሃል ቆመ። «ጎረቤቶቼ፣ ሰው ነኝ። በእጄም በምላሴም የበደልኩት ሰው ካለ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉኝ» አለ።

«አፉ ብለናል! አላህ ይቀበልህ!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። ከሴቶቹ በኩል የዙቤይዳን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት። «እኔም አፉ ብዬዎታለሁ፣ ደጉ ሰው» አለች። ነኢማ ከጎኗ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች።

ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ከአባቴ አጠገብ ቆሜ ነው።

«እትዬ ዙቤይዳ፣ ምኑን እንደሆነ ሳያውቁ አፉ አይበሉ!» አልኩ። ነገርኳት። ዝናቡን፣ ሙቀቱን፣ ኩራዙን፣ «ደህና ነው» ያለውን፣ እኔን ጓዳ የላከኝን። አየሩን ሻጋታው እንደ ጨረሰው፣ ቢስሚላህ ያለም ያላለም ቢገባ እንደሚሞት ነገርኳት። አንድ ሰው «ኧረ አስወጧት!» አለ። ክንዴን የያዘኝም ነበር። እሷ ሕዝቡን እየከፈለች መጥታ አባቴ ፊት ቆመች።

«መብራቱ ጠፍቶ ነበር?» አለችው።

አባቴ መሬት መሬት አየ። «ጠፍቶ ነበር፤ ግን አላህ የጻፈው ነገር...»

«አላህን አታስገባው።» ሃያ አምስት ዓመት በአንቱታ ያከበረችውን ሰው በዚያው አፏ አንተ አለችው። «ሃያ አምስት ዓመት የሞተውን ሰው ስወቅስ ኖርኩ። ምን ነበረበት ቢስሚላህ ቢል ኖሮ እያልኩ ሌሊት ተጣልቼዋለሁ። ቅድም ያልኩህን አፉ መልሼ ወስጃለሁ። ሂድ፣ የካሚልን ሐቅ ተሸክመህ ሂድ።»

አባቴ የዳሱን ምሰሶ ያዘ። አንድ ሰው ወንበር አመጣለት። እኔ ልቤ ተንፈስ አለ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እጇን ልይዝ ጠጋ አልኳት።

«ይህን የሻጋታውን ነገር ያወቅሽው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ኮሌጅ ሳለሁ።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«አስራ አንድ።»

አየችኝ። አስተያየቷ አባቴን ካየችበት አልተለየም።

«አስራ አንድ ዓመት በየኢዱ ቤቴ እየመጣሽ አንገቴን አቅፈሽ ስመሽኛል» አለች። «አንቺም አፉ በይኝ እንዳትይኝ።»

ሻሿን አጠበቀች፣ «ነይ ነኢማ» ብላ ልጇን አስከትላ በሩን ወጣች። ሰው ግራና ቀኝ እየሸሸ መንገድ ለቀቀላቸው። እኔ እጄን አንጠልጥዬ ከአባቴ ጎን ቆሜ ቀረሁ።